«ልጄ አንድ ስም ይበቃዋል»

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር ነው። 27 ዓመቴ ነው፣ ሱቅ ተቀጥሬ እሠራለሁ። የምጠይቅዎ ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው። 20 ዓመቱ ነው። ኦቲዝም እንዳለበት የተነገረን ሕፃን እያለ አዲስ አበባ ድረስ ወስደነው ነው። ይናገራል፣ ግን ቁጥብ ነው፤ ሲጨንቀው ደግሞ ጭራሽ ቃል አይወጣውም። ቢሆንም ደስተኛ ልጅ ነበር። በየቀኑ ልክ 10 ሰዓት ሲሆን ከአያታችን ጋር ሐይቁ ዳር ይወርዱ ነበር። ያለፈውን ባጃጅ የጎን ቁጥሩን፣ የቆመውን ጀልባ ስሙን ደብተሩ ላይ ይጽፋል። የሞላው ደብተር ብቻ ቁም ሳጥን ሙሉ ነው።

አያታችን ጥር ላይ፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ሞቱ። ወንድሜን «አይገባውም፣ ለቅሶውም ያስደነግጠዋል» ብለን ጎረቤት ቤት አቆየነው። ሲጠይቀን «አባባ ሩቅ አገር ሄደዋል» አልነው። ከዚያ ወዲህ ልጁ ሌላ ሰው ሆነብን። 10 ሰዓት ሲሆን በር ላይ ይቆማል፣ ግን አይወጣም። ሌሊት አይተኛም። ድሮም ከሽሮ ፍትፍት ሌላ አይበላም ነበር፣ አሁን እሱንም ተወው። ልብሱ ሰፍቶታል። ገላህን ታጠብ ስንለው ግንባሩን ከግድግዳ ጋር ያጋጫል። ደብተሩን ከፍቼ ባየው ከጥር ወዲህ አንድም ነገር አልጻፈበትም።

አንድ ክሊኒክ ወሰድኩት። ባለሙያው እሱን ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው «ኦቲዝም ስላለበት ነው፣ ምንም አይደረግለትም» አለኝና የእንቅልፍ ኪኒን አዘዘ። እናቴ ኪኒኑን ከሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። እሷ የምትፈልገው ጸበል ወስዳ ሁለት ሳምንት ልታስጠምቀው ነው። የአእምሮ ሐኪም ጋ እንውሰደው ስላት «ልጄ አንድ ስም አለው፣ ይበቃዋል። አሁን ደግሞ እብድ ልታስብይው ነው?» ብላ ታለቅሳለች። ሰሞኑን ደግሞ እሱ «አባባ ጋ እሄዳለሁ» ማለት ጀምሯል። እኔ ነፍሴ ልትወጣ ነው። ኦቲዝም ያለበት ሰው ድባቴ ይይዘዋል እንዴ? የት ልውሰደው? እናቴንስ ምን ልበላት?

እህቱ ነኝ፣ ከባሕር ዳር

መልስ

እህቴ፣ ሌላው ሁሉ ነገ ይደርሳል። አንዱን ግን ዛሬ ማታ አድርጊልኝ።

«አባባ ጋ እሄዳለሁ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ አንቺም እኔም መገመት የለብንም። አባባ ሩቅ አገር ሄዱ ብላችሁታል፣ እሱም ልከተላቸው ብሎ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ ሰው ሲመጣ ሲሄድ፣ እናቱ ጥቁር ስትለብስ አይቶ መሞታቸውን ከገባው ቆይቶ፣ አሁን እሱም መሞት እንደሚፈልግ እየነገረሽ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዙሪያውን ሳትዞሪ ጠይቂው። «አባባ ጋ እሄዳለሁ ስትል የት ነው የምትሄደው?» በይው። ቀጥለሽ «መሞት ትፈልጋለህ?» በይው። ብዙ ሰው እንዲህ ብሎ መጠየቅ ይፈራል፣ ሐሳቡን የሚጭርበት ይመስለዋል። አይጭርበትም። ቃል ካልወጣው ወረቀት ላይ «አዎ»፣ «አይደለም»፣ «አላውቅም» ብለሽ ጻፊለትና በጣቱ ያሳይሽ። አዎ ካለሽ ወይም መልሱ ካስፈራሽ ቀጠሮ፣ ሪፈር ምናምን ሳትይ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው፣ ሌሊትም ቢሆን።

መልሱ ምንም ይሁን ምን ለጊዜው ብቻውን ወደ ሐይቁ አይውረድ። ቤት ውስጥ ያለ ኪኒንም ሆነ መርዝነት ያለው ነገር ሁሉ ተቆልፎ ይቀመጥ። እናትሽ ኪኒኑን መቆለፋቸው በዚህ በኩል ጥሩ ነው፣ ንገሪያቸውም። ይህን ሁሉ የምልሽ ላስጨንቅሽ አይደለም። ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች ራሳቸውን የማጥፋት አደጋቸው ከሌላው ሰው እንደሚበልጥ በጥናት የታወቀ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲናገሩ እንደ ልማድ መታለፍ የለበትም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። አዎ፣ ይይዘዋል። እንዲያውም ከሌላው ሰው በበለጠ ነው የሚይዛቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ፣ ብዙ ጥናቶችን የሰበሰበ ሥራ አለ፤ ኦቲዝም ካለባቸው አዋቂዎች በጥናቱ ሰዓት 27 ከመቶ ያህሉ ከባድ ጭንቀት፣ 23 ከመቶ ያህሉ ደግሞ ድባቴ እንደነበረባቸው ይላል። አብዛኞቹ ጥናቶች የተሠሩት በሀብታም አገሮች ነው። እዚያ እንኳ ሐኪሞች ሁሉን ነገር ለኦቲዝሙ ሰጥተው የሚያልፉት ሕመም ብዙ ነው።

ደብዳቤሽን አንድ ጊዜ እንደ ሌላ ሰው ሆነሽ አንብቢው። ወንድምሽ ኦቲዝም ያለው ከተወለደ ጀምሮ ነው። ኦቲዝሙ እያለ ይበላ ነበር፣ ይተኛ ነበር፣ 10 ሰዓት ሲሆን ይወጣ ነበር፣ ይጽፍ ነበር። ይህ የአሁኑ ጥር ላይ ነው የመጣው። አብሮት የተወለደ ነገር 20 ዓመት ቆይቶ ድንገት እንቅልፍ አይነሳውም። ዓይነ ስውር ሰው ወባ ቢይዘው «ዓይነ ስውር ስለሆነ ነው» ብሎ የሚመልስ ሐኪም የለም፣ ደሙን ያያል እንጂ። ክሊኒክ ውስጥ የተባልሽው ግን እሱን ነው። «ምንም አይደረግለትም» የሚለውን እባክሽ ከአእምሮሽ አውጪው። ድባቴ ከሆነ ሕክምና አለው፣ ይሻለዋልም።

ለምን አልታያቸውም ካልሽኝ፣ ሐኪም አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀው እንባና «ከፍቶኛል» የሚል ቃል ነው። ኦቲዝም ያለበት ሰው ደግሞ ፊቱ ላይ ላይነበብ ይችላል። ብዙዎቹ የተሰማቸውን ስም መስጠት ያስቸግራቸዋል፤ ሆድ ቁርጠት ይሁን፣ ፍርሃት ይሁን፣ ኀዘን ይሁን ለይተው ላይነግሩሽ ይችላሉ። ስለዚህ በቃሉ ሳይሆን በኑሮው ነው የምታውቂው። የሚወደውን ነገር ተወ ወይ? እንቅልፉ፣ ምግቡ፣ ንጽሕናው ምን ሆነ? ራሱን መጉዳት ጀመረ ወይም ባሰበት? አንቺ እነዚህን ሁሉ ሳታውቂው ጽፈሽልኛል። ደብተሩን ደግሞ ሐኪም ጋ ስትሄጂ ይዘሽው ሂጂ። ኅዳር ላይ ቁጥር በቁጥር ላይ የተደረደረበትን ገጽ ክፈቺና አሳዪያቸው፣ ከዚያ ከጥር በኋላ ያለውን። ለእነሱ አንቺ አሥር ደቂቃ ከምታስረጂው ይሻላል። ካለሽ ጥቅምት ወይም ኅዳር ላይ ያነሳሽውን ቪዲዮ፣ አሁን ማታ ማታ ቤት ውስጥ ሲመላለስ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮም ስልክሽ ላይ ይኑር።

ስለ አያታችሁ ትንሽ ላውራሽ፣ ምክንያቱም እኔ ልቤ የቀረው እዚያ ላይ ነው። እናንተ ወንድምሽን ከለቅሶው ያራቃችሁት ስለምትወዱት ነው፣ ይገባኛል። ጩኸቱ፣ ደረት መምታቱ፣ ድንኳን ሙሉ ሰው ለእሱ ከባድ ነበር። ግን በየቀኑ 10 ሰዓት አብረውት የሚወርዱት ሰው አንድ ቀን ጠፉ፣ ማንም አልነገረውም፣ ሰዓቱ ግን በየቀኑ ይመጣል። በር ላይ የሚቆመው እየጠበቃቸው ይመስለኛል። አንቺስ? እሱ ፊት ስለ አያታችሁ የተወራ ነገር አለ? ስማቸው ሲጠራ ምን ይሆናል? እስከ ዛሬ «አባባ መቼ ይመጣል?» ብሎ ጠይቋችሁ ያውቃል?

ኦቲዝም ያለበት ሰው ያዝናል። አንዳንዱ አያለቅስም፣ አንዳንዱ ከወራት በኋላ ነው የሚመጣበት፣ አንዳንዱ ጭራሽ ይስቃል፣ ግን ያዝናል። እውነቱን ንገሩት። በአጭሩና በግልጽ፦ «አባባ ሞተዋል። ሰውነታቸው መሥራት አቁሟል። ተመልሰው አይመጡም። አንተ ምንም አላጠፋህም።» የመጨረሻዋን አትርሺያት፣ ብዙዎቹ በራሳቸው ጥፋት የሆነ ይመስላቸዋል። ይህን ስትነግሩት አንቺም እናትሽም ብትኖሩ ጥሩ ነው፣ የሚነገረውም ጠዋት ላይ፣ ቤቱ ጸጥ ባለበት ሰዓት እንጂ ሊተኛ ሲል አይሁን። ደጋግሞ ቢጠይቅ ያንኑ ቃል ደጋግማችሁ መልሱለት። ከፈለገ ደግሞ ሰው በሌለበት ቀን የተቀበሩበት ቤተ ክርስቲያን ውሰዱት፣ መቃብሩን ይየው። ስለ መሞት ስትጠይቂው ያስፈራሽ መልስ ከሰጠሽ ግን መጀመሪያ ሐኪሙ ይየውና ይህን ከእነሱ ጋር ተማክራችሁ አድርጉት።

የ10 ሰዓቱን ነገርም መልሱለት። አንቺ በዚያ ሰዓት ሱቅ ነሽ፣ አውቃለሁ። ታማኝ የሆነ የአክስት ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ የለም? መጀመሪያ እስከ በሩ፣ ቀጥሎ እስከ አስፋልቱ፣ ሲለምድ ሐይቁ ድረስ። አይገደድ። እሑድ እሑድ አንቺ ራስሽ አብረሽው ብትወርጂ ደግሞ ለአንቺም ይበጅሻል።

ሌላው፣ ሰውነቱ ይታይ። ግንባሩን የሚያጋጨው በአእምሮ ሕመም ብቻ ላይሆን ይችላል። ጥርሱ ቢያመውስ? ጆሮው፣ ራሱ፣ ሆዱ? የሆድ ድርቀት ብቻውን ሰው ያሳብዳል፣ «አመመኝ» ማለት የማይችል ልጅ ደግሞ የሚናገረው በሰውነቱ ነው። መብላት ያቆመውም ጥርሱን አሞት ሊሆን ይችላል። የሚጥል በሽታም ኦቲዝም ባለባቸው ሰዎች ላይ በብዛት ስለሚታይ፣ ድንገት ፈዝዞ የሚቀርበት ወይም የሚንቀጠቀጥበት ጊዜ ካየሽ ጊዜውን ጻፊና ተናገሪ። በነገራችን ላይ ባለፉት ዓመታት ከተማችን ውስጥ ተኩስ ሲሰማ እንዴት እንደነበረም ለሐኪሙ ንገሪ። ድምፅ ለሚያመው ሰው ያ ቀላል ነገር አልነበረም።

የት ልውሰደው ላልሽው፣ ባሕር ዳር ውስጥ ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ግዮንም ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አላቸው። አዲስ አበባ አማኑኤል ድረስ መሄድ አያስፈልግሽም፣ ቢያንስ ለመጀመሪያው። የማኅበረሰብ ጤና መድን ካላችሁ ግን በቀጥታ ሆስፒታል ከሄድሽ ከኪስሽ ሊያስከፍሉሽ ይችላሉ፤ መጀመሪያ የራሳችሁ ጤና ጣቢያ ሂጂና ሪፈር አጽፊ። ይህን ለማድረግ ወንድምሽን ማንገላታት ላያስፈልግ ይችላል፣ ብቻሽን ሄደሽ ጠይቂያቸው። ስትጠይቂ «ኦቲዝም አለበት» ብለሽ አትጀምሪ። «20 ዓመቱ ነው፣ ከጥር ጀምሮ አይተኛም፣ አይበላም፣ ክብደቱ ቀንሷል፣ ራሱን ይመታል፣ ስለ መሄድ ያወራል፤ ኦቲዝምም አለበት» በይ። ቅደም ተከተሉ ለውጥ ያመጣል፣ እመኚኝ። መጀመሪያ ኦቲዝም ከሰሙ ሌላውን የማይሰሙ አሉ።

ከዚያ አንድ ቀን ቀድመሽ ብቻሽን ሆስፒታሉን እይው። ካርድ ክፍሉ የት ነው፣ ሰው የሚበዛው ስንት ሰዓት ነው፣ ጸጥ ያለ ጥግ ወይም ዛፍ ሥር መጠበቅ ይቻላል ወይ? ነርሷን «ወንድሜ ጫጫታ አይችልም፣ ተራው ሲደርስ በስልክ ትጠሩኛላችሁ?» ብለሽ ለምኚያት። ብዙዎቹ እንዲህ ብሎ የሚጠይቃቸው ሰው ስለሌለ ነው እንጂ እሺ ይላሉ። በሩን፣ ኮሪደሩን፣ ወንበሩን በስልክሽ ፎቶ አንሺና ማታ አሳዪው። ነገ እዚህ እንሄዳለን፣ እዚህ እንቀመጣለን፣ ሐኪሙ ይጠይቅሃል፣ ከዚያ ወደ ቤት እንመለሳለን፣ በቃ። ድንገት ባጃጅ ላይ ጭነሽ እንዳትወስጂው። የጆሮ ማዳመጫ፣ የለመደው ሹራብ፣ ደብተሩና እስክሪብቶው ይያዙለት።

ውስጥ ስትገቡ ሐኪሙ አንቺን ብቻ ማናገር ከጀመረ በትሕትና «እባክዎ እሱንም ይጠይቁት፣ ይሰማል፤ ለመመለስ ግን ጊዜ ይፈልጋል» በይ። አንድ ጥያቄ፣ ከዚያ ዝምታ። አንቺም በእሱ ፋንታ ለመመለስ አትቸኩዪ፣ እኛ ታላላቆች ይህ ጠባይ አለብን። መጻፍ ይቀለው እንደሆነ ወረቀት ይሰጠው፤ ቁጥር ስለሚወድ ደግሞ «ከ0 እስከ 10 ስንት ነው የከፋህ?» ቢባል ከቃል ይልቅ ይቀለው ይሆናል።

መድኃኒት ቢያዝለት አራት ነገር ጠይቂ፦ ለምንድነው፣ መቼ ነው ለውጥ የሚታየው፣ ምን ዓይነት የጎንዮሽ ጉዳት ልጠብቅ፣ መቼ እንመለስ። ኦቲዝምን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም፣ አለ የሚልሽ ካለ አትመኚው። ለድባቴና ለጭንቀት ግን አለ። ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች ለመድኃኒት ሰውነታቸው ቶሎ ሊቆጣ ስለሚችል በትንሹ ጀምሮ ቀስ እያሉ መጨመር ይሻላል፣ ይህን ሐኪሙን አስታውሺው። የድባቴ መድኃኒት ሥራው እስኪታይ ሳምንታት ይወስዳል፤ በሦስተኛው ቀን ምንም የለም ብላችሁ እንዳትተዉት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደግሞ እረፍት ማጣቱ ከባሰ ወይም ስለ መሞት ካወራ ቀጠሮውን አትጠብቂ፣ ተመለሺ። ክሊኒኩ የሰጠውን ኪኒን ከነማሸጊያው ይዘሽ ሂጂ፣ ስንት እንደወሰደም ንገሪ። የምክር ሕክምናም አለ፤ ለእሱ ግን በሥዕል፣ በጽሑፍ፣ በአጭር በአጭሩ መሆን አለበት። ይቻል እንደሆነ ጠይቂ።

አሁን እናትሽ። «አንድ ስም ይበቃዋል» ያሉት ቃል አሳዘነኝ። 20 ዓመት ሙሉ ባጃጅ ውስጥ፣ ገበያ ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሰውን ዓይን የቻሉት እሳቸው ናቸው። ልጁ ሲጮህ «ምን ሠርታ ነው?» የተባሉት እሳቸው ናቸው። አንቺ «ሐኪም» ስትዪ እሳቸው የሚሰሙት ያንን ሁሉ እንደገና ነው። ስለዚህ ክርክሩን ተዪውና መጀመሪያ ጠይቂያቸው። ያኔ አዲስ አበባ ሲነገራቸው ምን ተሰማቸው? ምንድነው በጣም የሚያስፈራቸው? እስኪጨርሱ ስሚያቸው። ከዚያ ይህን ልትነግሪያቸው ትችያለሽ፦ ይሄኛው ስም የሚለቅ ነው። ኦቲዝም ዕድሜ ልክ አብሮት ይኖራል፣ ድባቴ ግን ታክሞ የሚሄድ ሕመም ነው፣ ለጎረቤት መንገርም አይጠበቅባችሁም። የሐኪም ካርድ ቡና ላይ አይነበብም።

ጸበሉን በተመለከተ፣ ከእናትሽ ጋር በዚህ አትጣዪ። ጸበልና ሐኪም አብረው ይሄዳሉ፣ ሁለቱንም የሚያደርግ ሰው ብዙ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ጊዜው፤ የማይበላ የማይተኛ ልጅ ሁለት ሳምንት ያለ ሐኪም መቆየት የለበትም፣ በተለይ ያንን ቃል እየተናገረ። ሁለተኛው ቦታው። የሚጮኸው ሰው ብዛት፣ ድንገት ራስ ላይ የሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ፣ የማያውቀው ሰው እጁን ሲይዘው፤ መነካትና ጫጫታ ለሚያመው ሰው ይህ ስቃይ ነው። ቢጮህና ቢታገል «መንፈሱ ነው» ተብሎ ይበልጥ ይያዛል፣ ይታሰራል እንኳ። ስለዚህ የንስሐ አባታችሁን ቤት ጥሯቸው። ልጁን የሚያውቁት ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ። ጸበሉ ቤት መጥቶለት ይጠጣ፣ ይረጩት፣ ወይም ሰው በሌለበት ሰዓት ማልደው ይውሰዱት፤ ማንም አያስረው፣ መድኃኒቱም አይቋረጥ። መድኃኒቱን ከምግብ ጋር መውሰድ ካለበት ስለ ጾሙም ያማክሯችሁ። እናትሽ «ሐኪም ጋም ውሰዱት፣ እኔም እጸልያለሁ» የሚለውን ከካህኑ አፍ ቢሰሙ ከእኔም ከአንቺም ይልቅ ይቀበሉታል። ሆስፒታልም ቢሆን እሳቸው አብረውሽ ይግቡ። ልጁ መች መሄድ፣ መች መናገር እንደጀመረ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፣ ሐኪሙም ይፈልጋቸዋል።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር ልንገርሽ። ስለ ኦቲዝም ሲወራ ሁሌ ሕፃናት ብቻ ናቸው የሚታሰቡት። እ.ኤ.አ. በ2002 ወይዘሮ ዘሚ የኑስ አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ፣ ይህን ቃል የሰማ ሰው እንኳ ጥቂት ነበር። እሳቸውና እንደ እሳቸው ያሉ እናቶች ብዙ መንገድ ከፈቱ። ግን ልጆቹ ያድጋሉ። 20 ይሞላቸዋል፣ 30 ይሞላቸዋል፣ ያዝናሉ፣ ይጨነቃሉ፤ ያኔ የሚጠይቃቸው የለም። አንቺ ጠየቅሽ። ጤና ጣቢያም ሆስፒታልም ስትገቢ እንደ ለማኝ አንገትሽን ደፍተሽ አትግቢ፣ ወንድምሽ እንደ ማንኛውም ታካሚ መብት አለው።

አንቺስ? ሌሊት እሱ ሲመላለስ የምትነቂው አንቺ ነሽ ብዬ ገመትኩ። አያትሽንስ ያለቀስሽበት ጊዜ ነበረሽ? በሳምንት ሁለት ሌሊት ሌላ ሰው ይንቃ፤ አጎት ይሁን፣ አክስት ይሁን፣ «ምን ልርዳሽ?» ያለሽ ሰው ካለ ይህንኑ ስጪው። የሱቁ ባለቤትም ለሐኪም ቀን ፈቃድ እንዲሰጡሽ አሁኑኑ ንገሪያቸው፣ አንድ ቀን ብቻ አይበቃምና።

ዛሬ ማታ ጠይቂው። ያልኩሽን ዓይነት መልስ ከሰጠሽ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል። ካልሆነ ደግሞ ነገ ጠዋት ሥራ ከመግባትሽ በፊት ጤና ጣቢያ ሄደሽ ሪፈሩን ጠይቂ። ቀጠሮው ከሳምንት በላይ የሚርቅ ከሆነ ወይም ዳግመኛ «ኦቲዝም ስለሆነ ነው» ብለው ከመለሱሽ ጻፊልኝ፣ ቀጥሎ ምን እንደምናደርግ አብረን እናያለን።